ስልትን ስለ መምረጥና በመረጡት ስለ መጽናት

ኮርንሆል የሚባለውን የአሜሪካኖች የውርወራ ጨዋታ በቴሌቪዥን የሚከታተል ሰው፣ የጨዋታው ተንታኞች አንዱን ተወዳዳሪ ሊያሞግሱ በፈለጉ ጊዜ ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡለት ምግባር፣ እንደ ተጋጣሚው አኳኋን ስልቱን ፈጥኖ መለዋወጥ መቻሉ እንደ ሆነ ሳያስተውል አይቀርም። ይህ ሙገሳ ለጥቂት ባለሙያዎች የተገባ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ይህንኑ ሰምተው በየመናፈሻውና በየሰፈሩ ውድድር የሚሰለፉት ብዙዎች፣ ገና አንድ ዙር እንደ ከፋባቸው የያዙትን ጥለው ያልያዙትን ሲጨብጡ፣ እርሱንም ጥለው ወደ ፊተኛው ሲመለሱ፣ በመጨረሻም ከሁለት ያጡ ሆነው ሲወጡ እናያለንና፣ ምክሩ ከሚያንጸው ይልቅ የሚያፈርሰው እንደሚበዛ ለመናገር እደፍራለሁ። የጨዋታ ስልት የሚመረጠው ከውድድሩ በፊት፣ ልቡና ጸጥ ባለበት ሰዓት ነው፤ በውድድሩ ሰዓት የሚፈለገው ጽናት ነው፤ ለውጥም የሚያስፈልግ ቢሆን፣ መቼና በምን ምክንያት እንደሚደረግ አስቀድሞ የተወሰነ መሆን ይገባዋል።

ጨዋታውን ለማያውቀው አንባቢ ሥርዓቱን በአጭሩ ላስረዳ። ሁለት የጣውላ ሰሌዳዎች ፊት ለፊት፣ 27 ጫማ፣ ማለት 8 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ተራርቀው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ሰሌዳ ርዝመቱ 122፣ ስፋቱ 61 ሴንቲ ሜትር ሆኖ፣ ከፊት ዝቅ፣ ከኋላ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያዘነብላል፤ ወደ ላይኛው ጫፍ ቀረብ ብሎም ወርዱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቀዳዳ አለው። የሚወረወረው አራት ማዕዘን የጨርቅ ከረጢት ነው፤ ጎኑ እንደ ቀዳዳው ወርድ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ቀድሞ የሚሞላው በበቆሎ ፍሬ ነበር፤ በቆሎ ግን እርጥበት ይስባል፣ እየቆየም ይደቅቃልና፣ የዛሬዎቹ ተወዳዳሪዎች የሚይዙት ከረጢት በፕላስቲክ ፍሬ የተሞላ ነው። ሁለቱ ተጋጣሚዎች አራት አራት ከረጢት ይዘው ተራ በተራ ይወረውራሉ፤ ቀዳዳ የገባው 3 ነጥብ፣ በሰሌዳው ላይ የቀረው 1 ነጥብ ያስገኛል፤ መሬት የነካው ምንም የለውም። ዙሩ ሲፈጸም የሁለቱ ነጥብ ይቀናነስና፣ ብልጫ ያገኘው ልዩነቱን ብቻ ይወስዳል፤ እኩል ከሆኑ ማንም ምንም አይወስድም። አስቀድሞ 21 የደረሰ ያሸንፋል።

ስለ ታሪኩ ብዙ አልናገርም። ዘመኑን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ብንቆጥር፣ በ1883 ዓ.ም. ሄይሊገር ደ ዊንት የተባለ አሜሪካዊ፣ በተዘነበለ ሰሌዳ ላይ በተበሳ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ከረጢት የሚወረወርበትን ጨዋታ በስሙ የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል፤ ዛሬ የምናየው መልክ ግን የተስፋፋው በኦሃዮ፣ በኬንተኪና በኢንዲያና ግዛቶች፣ በተለይም በሲንሲናቲ ከተማ ዙሪያ ነው። በ2005 ዓ.ም. የአሜሪካ ኮርንሆል ድርጅት፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ኮርንሆል ሊግ ተመሥርተው፣ የደጅና የግቢ መዝናኛ የነበረው ነገር ደንብ፣ ዳኛና የገንዘብ ሽልማት ያለው ውድድር ሆነ፤ ኢኤስፒኤን የሚባለው የስፖርት ጣቢያም ያስተላልፈው ጀመር። በዋሽንግተን ዙሪያና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችንም በበጋው ወራት በየመናፈሻው የሚያገኙት ጨዋታ ስለ ሆነ፣ ለአማርኛ አንባቢ ፈጽሞ የባዕድ ነገር አይደለም።

ከረጢቱን ወደ ቀዳዳው የሚያደርሱት ዐበይት መንገዶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ማንሸራተት ነው። ወርዋሪው ክንዱን ወደ ኋላ ስቦ ከታች ወደ ላይ ሲለቀው፣ ከረጢቱ ጠፍጣፋ እንደ ሆነ በአየር ላይ እየተሽከረከረ ይሄድና፣ በሰሌዳው ታችኛ ክፍል ላይ በሆዱ ያርፋል፤ ከዚያም በቀረው ጉልበት ዳገቱን ሽቅብ ተንሸራትቶ ከቀዳዳው አፍ ይደርሳል። ከሰሌዳው የፊት ጠርዝ እስከ ቀዳዳው ከንፈር 90 ሴንቲ ሜትር ያህል መንገድ ስላለ፣ ይህ ዓይነቱ ውርወራ ለስሕተት ቦታ ይሰጣል፤ ቢያጥር እንኳ ከረጢቱ በሰሌዳው ላይ ቀርቶ አንድ ነጥብ ይሆናል፤ ደግሞም ከቀዳዳው ፊት ለፊት ቢቆም ለተጋጣሚው እንቅፋት ነው። ሁለተኛው ተጫዋቾቹ ኤርሜይል የሚሉት የአየር ውርወራ ነው። ይህኛው ሰሌዳውን ሳይነካ በቀጥታ ከላይ ወደ ቀዳዳው መውደቅ አለበት፤ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሲለካ 21 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ከረጢት በ15 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ የሚገባው ታጥፎ ነውና፣ መሐሉን ማግኘት ግድ ነው። ከቀዳዳው በስተኋላ የቀረው ጣውላም 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ፣ ጥቂት የረዘመ ውርወራ ከሰሌዳው አልፎ መሬት ላይ ይቀራል፤ ሦስት ሊሆን ታስቦ ባዶ ሆነ ማለት ነው።

ከረጢቱ ራሱ ሁለት ገጽ አለው፤ አንደኛው ልሙጥና ፈጣን፣ ሁለተኛው ሻካራና ዘገምተኛ ነው፤ አምራቾቹም የእያንዳንዱን ገጽ ፍጥነት በቁጥር ለክተው ይሸጣሉ። ፈጣኑን ገጽ ወደ ታች አድርጎ የሚወረውር ሰው ቀዳዳውን ያስባል፤ ዘገምተኛውን ወደ ታች የሚያደርግ ደግሞ ከረጢቱ ካረፈበት እንዳይነቃነቅ፣ ይኸውም ደጃፉን ዘግቶ እንዲቀር ያስባል። ስለዚህ ስልት የሚባለው ነገር ገና ከረጢቱ ከእጅ ሳይወጣ፣ በመዳፍ ላይ ሲገለበጥ ይጀምራል፤ ልቡ የወላወለ ተጫዋች የሚታወቀውም በዚሁ ነው፤ ከረጢቱን አንድ ጊዜ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ወዲያ ሲያገላብጠው፣ ክንዱን አንሥቶ መልሶ ሲያወርደው ታዩታላችሁ።

በደንቡ መሠረት ባለፈው ዙር ነጥብ ያገኘ ወገን በሚቀጥለው ዙር አስቀድሞ ይወረውራል። ይህ ትንሽ የምትመስል ሕግ የጨዋታውን መልክ ሁሉ ትወስነዋለች፤ ምክንያቱም ያሸነፈው ወገን የመጨረሻውን ከረጢት ለተሸነፈው አሳልፎ ይሰጣል፤ የመጨረሻውን ከረጢት የያዘ ደግሞ ነገሩን ሁሉ አይቶ የሚፈርድ ነው። እንግዲህ አስተዋይ ሰው አንድ ሳይሆን ሁለት ስልት ያዘጋጃል፤ አንዱ አስቀድሞ ሲወረውር፣ ሁለተኛው ተከትሎ ሲወረውር የሚከተለው ነው። አስቀድሞ የሚወረውረው ወይ ሳይጨነቅ አራቱንም ለማንሸራተት፣ ወይም የመጀመሪያውን ከረጢት ከቀዳዳው ፊት አስቀምጦ መንገዱን ለመዝጋት ይወስናል። ተከትሎ የሚወረውረው ደግሞ መንገዱ ሲዘጋበት ምን እንደሚያደርግ መወሰን አለበት፤ ጭንቁም፣ ወላዋይነቱም፣ የጨዋታው ጥበብም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጉዳዩን በቁጥር ብናየው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ተጋጣሚህ ሦስት ከረጢት አግብቶ አራተኛውን ከቀዳዳው አፍ ላይ አስቀምጦታል እንበል፤ ነጥቡ 10 ነው። አንተም ሦስት አግብተህ በ9 ነጥብ የመጨረሻዋን ከረጢት ይዘህ ቆመሃል። በአየር ወርውረህ ብታገባት 12 ለ10 ሆኖ 2 ነጥብ ትወስዳለህ፤ ብትስታትና መሬት ብትወድቅ 9 ለ10 ሆኖ 1 ነጥብ ታጣለህ። በዝግታ አንሸራትተህ ከተጋጣሚህ ከረጢት በታች ብታቆማት 10 ለ10 ነው፤ ማንም አይወስድም። በኃይል አንሸራትተህ የዘጋውን ከረጢት ብትገፋው፣ ሁለቱም ተከታትለው ከገቡ 12 ለ12 እኩል ትወጣለህ፤ የእርሱ ገብቶ የአንተ በሰሌዳው ላይ ከቀረ ግን 10 ለ12 ሆኖ 2 ነጥብ ከፍለሃል። ብዙ ሰው በብስጭት የሚመርጠው ይህንኑ መግፋቱን ነው፤ ሒሳቡ ግን ቢቀና ከእኩል የማያልፍ፣ ቢጠምም ከሁሉ የሚከፋ መንገድ እንደ ሆነ ያሳያል።

አሁን በአየር መወርወሩንና በዝግታ ማስቀመጡን እናመዛዝን። የአየሩ ውርወራ ሲሳካ 2 ያመጣል፣ ሲከሽፍ 1 ያስከፍላል፤ ስለዚህ ከሦስት ሙከራ አንዱን ብቻ የሚያገባ ሰው የሚያገኘውና የሚያጣው ይተካከላል። ከሦስት ከአንድ በላይ የሚያገባ ከሆነ በአየር ይወርውር፤ ከዚያ በታች ከሆነ በዝግታ ያስቀምጥና በእኩል ይውጣ። እዚህ ውስጥ የተጋጣሚው ዝና የለም፤ የተመልካቹ ጩኸት የለም፤ ያለፈው ዙር ቁጭት የለም። ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ያም ቁጥር የሚገኘው ሰውየው ብቻውን በልምምድ በቆየበት ጊዜ ከቆጠረው እንጂ፣ በዚያች ቅጽበት ክንዱ ከሚነግረው ስሜት አይደለም።

ነገር ግን ሒሳቡ ከጨዋታው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ሆኖ አይቀጥልም፤ ጽናት ማለትም ግትርነት እንዳይመስለን ይህን ማስተዋል ይጠቅማል። በዚያው አቋም ላይ ሳለህ ጠቅላላው ነጥብ የአንተ 19፣ የእርሱ 20 ቢሆንስ? በአየር ካገባህ 21 ሞልተህ ጨዋታውን አሸነፍህ፤ ከሳትህ ግን እርሱ 21 ሞላ። በዝግታ ብታስቀምጥ ወደሚቀጥለው ዙር ታልፋለህ፤ በዚያም ዕድልህ ቢበዛ ከግማሽ ጥቂት ያነሰ ነው። ስለዚህ ቀድሞ ከሦስት አንዱ ይበቃ የነበረው አሁን ከሁለት አንዱን ማግባት ግድ ይላል። ነጥብህ 18፣ የእርሱ 20 ከሆነ ደግሞ ፍርዱ ይከብዳል፤ አግብተህ የምታገኘው 20 ለ20 መሆንን፣ ማለት ገና ግማሽ ዕድልን ነው፤ ስተህ የምታጣው ግን ሁሉን ነው። በእኩል ብትወጣና ከዚያ በኋላ ከአሥር አራት ያህል የማሸነፍ ዕድል ቢቀርልህ፣ በአየር መወርወር የሚገባህ ከአሥር ስምንቱን ማግባት የምትችል እንደ ሆነ ብቻ ነው። እንግዲህ ከረጢቱ ያው፣ ሰሌዳው ያው፣ የዘጋውም ከረጢት ያው ሳለ፣ ሁለት ነጥብ ብቻ የምትወስደዋ አንዲት ውርወራ በመጀመሪያው ሰዓት ብልኅነት፣ በመጨረሻው ሰዓት ድፍረት የተሞላ ጥፋት ልትሆን ትችላለች። ይህን ሁሉ ሰው እየቆመ፣ ልቡ እየመታ፣ ዳኛው እየጠበቀው ሊያሰላው ይችላልን? አይችልም። ቤቱ ተቀምጦ አስልቶ መምጣት ይችላል።

በመረጡት ላይ ለመጽናት ዋናው ፈተና የሚመጣው ስልቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ውጤቱ ሲጠፋ ነው። በልምምድ ከሁለት የአየር ውርወራ አንዱን የሚያገባ ሰው፣ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የሚስትበት አጋጣሚ ከስምንት አንድ ነው፤ በአንድ ቀን ውድድር አርባ ጊዜ ቢሞክር፣ ሦስት ተከታታይ ስሕተት ሳያይ የሚውልበት ቀን እጅግ ጥቂት ነው። ይህም ማለት ስልቱ ፍጹም ደኅና፣ ክንዱም ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሦስቱ ተከታታይ ስሕተት መምጣቱ አይቀርም ማለት ነው። ሲመጣ ግን ሰውየው «ዛሬ አልሆነልኝም» ይላል፤ ስልቱን ይከሳል፤ ይጥለዋልም። አራተኛውን በአየር ሊወረውር ሲገባው ወደ መግፋት ይዞራል፤ መግፋቱ ከሸፈበት ወደ መዝጋት ይሄዳል፤ መዝጋትን ያልተለማመደ እጁ ከረጢቱን ከሰሌዳው ጎን ይጥለዋል። ከጥቂት ዙር በኋላ የሚወረውረው ልማድ በሌለው እጅ፣ መነሻ በሌለው ሐሳብ ነው። ተጋጣሚው በዚህ ሁሉ ጊዜ ምንም አዲስ ነገር አላደረገም፤ ያንኑ ከረጢት በዚያው መንገድ ሲያንሸራትት ቆየ እንጂ።

ይህን ነገር ልብ ብለን ልናስበው ይገባናል። በኮርንሆል ተጋጣሚህ አይነካህም፤ ከረጢትህን ከአየር ላይ አይቀልበውም፤ በምትወረውርበትም ሰዓት መንገድህ ላይ አይቆምም። ሊያደርግብህ የሚችለው አንድ ነገር ቢኖር የራሱን ከረጢት በሰሌዳው ላይ አስቀምጦ አንተን በራስህ ኅሊና እጅ አሳልፎ መስጠት ነው። በቡጢ ወይም በእግር ኳስ የተቃዋሚ ጉልበት የአንተን ስልት ሊሰብረው ይችላል፤ እዚህ ግን ስልቱን የሚሰብረው ባለቤቱ ነው። አበው ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት በሰዓት ወስነው ማስቀመጣቸው፣ የሰው ልብ በፈቀደው ጊዜ ጸልይ ቢባል በየምክንያቱ እንደሚያስተጓጉለው ስላወቁ ይመስለኛል፤ ውሳኔው አስቀድሞ ስለ ተቆረጠ፣ በሰዓቱ የሚቀረው ተነሥቶ መፈጸም ብቻ ነው። ወርዋሪም ከዚህ የተለየ ተግሣጽ አያሻውም።

እዚህ ላይ ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው የሚያነሣው ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ተብሎ የለምን? በአንድ ስልት ብቻ የሚሄድ ሰው ተጋጣሚው ባወቀበት ቀን አልቆለታል፤ ሁልጊዜ የሚያንሸራትተውን ደጃፉን መዝጋት ነው፤ ሁልጊዜ በአየር የሚወረውረውን ሳይቸኩሉ እስኪስት መጠበቅ ነው ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ምሳሌው ያለውን አስተውሉ፤ ትከል ነው ያለው። ሁለተኛው ባላ የሚተከለው የመጀመሪያው ሳይነቀል ነው፤ ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ አፈሩ ተረግጦ፣ ሸክም ችሎ እንደሚቆም ተፈትኖ ነው። በመውደቅ ላይ ያለ ሰው ከአየር ላይ የሚጨብጠው ነገር ባላ አይባልም። እኔም የምቃወመው ሁለተኛ ስልት መኖሩን አይደለም፤ ያልተተከለውን መጨበጥ ነው።

ከዚህ የተነሣ ተንታኞቹ ፈጣን መለዋወጥ ብለው የሚያደንቁት ነገር ለእኔ ሌላ መልክ አለው። ከፍተኞቹ ባለሙያዎች በአንድ ዙር ሊገኝ ከሚችለው 12 ነጥብ በአማካይ ወደ 10 የሚጠጋ የሚያስቆጥሩ ናቸው፤ አንዱ አራቱንም አግብቶ ሌላውም አራቱን አግብቶ በባዶ የሚለያዩበት ዙር ይደጋገማል። እንዲህ ያለው ሰው በድንገት ከማንሸራተት ወደ አየር ውርወራ ሲዞር ተመልካቹ አዲስ ሐሳብ የመጣለት ይመስለዋል፤ ለእርሱ ግን የዘጋው ከረጢት በዚያ ቦታ፣ ነጥቡ በዚያ መጠን፣ የመጨረሻው ከረጢት በእጁ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ያሰበው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው፤ በልምምድም ሺህ ጊዜ ወርውሮታል። የታየው የዕቅዱ ቅርንጫፍ ነው። ቅርንጫፉን አይቶ ግንዱን ያላየ ጀማሪ ግን ለውጡን ብቻ ይኮርጃል፤ ለውጥም የጥበብ ምልክት ይመስለዋል።

በእርግጥ ለውጥ የሚያስፈልግበት ተፈጥሮ የሚያመጣው ምክንያት አለ። አየሩ ሲረጥብ ጣውላውና ጨርቁ ይያያዛሉ፤ ጠዋት እስከ ቀዳዳው ይሄድ የነበረው ከረጢት ከሰዓት በኋላ ስንዝር ቀርቶት ይቆማል። እንዲህ ሲሆን የሚያርፍበትን ቦታ ወደ ላይ ከፍ ማድረግ ወይም ጉልበት መጨመር ግድ ነው፤ ይህ ግን ስልትን መለወጥ አይደለም፣ በስልቱ ለመጽናት ሲባል እጅን ማስተካከል ነው እንጂ። ልዩነቱን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ለውጡን ያመጣው በሰሌዳው ላይ በዓይን የታየ ነገር ነው ወይስ በደረት ውስጥ የተሰማ ነገር? ከረጢቶቹ ሁሉ፣ የተጋጣሚውም ጭምር፣ ካጠሩ ነገሩ በሰሌዳው ላይ ነው። የእኔ ብቻ ካጠሩ ነገሩ በእኔ ላይ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ስልት አይደለም።

ጥንድ ሆኖ በሚደረገው ውድድር ጉዳዩ ከዚህም ይብሳል። ባልንጀሮቹ የሚቆሙት አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ሰሌዳ አጠገብ ነው፤ በመካከላቸው ስምንት ሜትር አለ፤ የሚወረውሩትም በተለያየ ዙር ነው። አንዱ ብቻውን ተነሥቶ ስልቱን ቢለውጥ፣ ሌላው የሚጫወተው በማያውቀው ዕቅድ ነው። አንደኛው ነጥብ ለመጠበቅ ሲል በእኩል ለመውጣት ይደክማል፤ ሁለተኛው ትልቅ ነጥብ ለማምጣት ሲል ያንኑ ይበትናል። እንዲህ ያሉት ጥንዶች ብዙውን ጊዜ ከጨዋታው በኋላ የሚካሰሱት ስለ ውርወራው ነው፤ ጥፋቱ ግን ከውርወራው በፊት፣ ሁለቱም ሳይነጋገሩ በተለያዩበት ሰዓት የተፈጸመ ነው። ስለዚህ ጥንዶቹ አስቀድመው ሊስማሙበት የሚገባው ነገር ጥቂት ቢሆንም የማይታለፍ ነው፤ ስንት ነጥብ ስንመራ ጥንቃቄ እንጀምራለን፣ ስንት ነጥብ ኋላ ስንቀር መዝጋትን እንተዋለን፣ ተጋጣሚ 20 ሲደርስ በአየር የሚወረውረው ከሁለታችን ማን ነው? ይህን ተነጋግረው የመጡ ሁለት መካከለኛ ተጫዋቾች፣ ሳይነጋገሩ የተጣመሩ ሁለት ጎበዞችን ሲያሸንፉ ቢታዩ አያስደንቅም።

ስለ ሰዓትም አንድ ነገር ማንሣት እወዳለሁ፤ ብዙዎች ስልታቸውን የሚጥሉበት ምክንያት ኋላ መቅረታቸው ነውና። በእግር ኳስ ኋላ የቀረ ቡድን ሰዓቱ ያስጨንቀዋል፤ ዘጠና ደቂቃ ሳያልቅ ማግባት አለበት። ኮርንሆል ግን የሚያልቀው 21 ሲሞላ እንጂ ደቂቃ ሲሞላ አይደለም። 12 ለ4 የሚመራ ሰው ገና 9 ነጥብ ይቀረዋል፤ በየዙሩ አንድ ወይም ሁለት ነጥብ እየተቀነሰበት ሊደረስበት ይችላል፤ ተጋጣሚውም እንዲቸኩል የሚያስገድደው ነገር የለም። ኋላ የቀረው ሰው ልዩነቱን ሁሉ በአንድ ዙር ለመመለስ ሲቃጣ፣ ማንም ያልሰጠውን ሰዓት በራሱ ላይ ይቆጥራል። ትልቁን ነጥብ ለማምጣት መድፈር የሚገባው ቁጥሩ ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ ከላይ እንዳሳየሁትም በጨዋታው መገባደጃ፣ ተጋጣሚው ከ21 አፋፍ በደረሰ ጊዜ፣ የሚፈለገው ቁጥር ይበልጥ ከፍ ይላል።

ለልጆች የሚዘጋጁ ውድድሮችን የሚመሩ አሠልጣኞችና ወላጆች በተለይ እንዲሰሙኝ እፈልጋለሁ። ልጁ ከረጢቱን ይዞ ቆሞ ሳለ ከዳር ሆኖ «አሁን በአየር! አሁን ዝጋው!» እያሉ መጮኽ፣ በልጁ ልቡና ውስጥ የተተከለውን ነቅሎ የራስን ፍርሃት መትከል ነው። ምክር የሚሰጠው ከዙሩ በፊት ወይም ከጨዋታው በኋላ ነው። ልጁ በተስማማበት ዕቅድ ወርውሮ ቢሸነፍ፣ ስለ ሽንፈቱ ሳይወቀስ ዕቅዱን ስለ ጠበቀ ሊመሰገን ይገባዋል፤ በጭንቀት ዕቅዱን ጥሎ በአጋጣሚ ቢያሸንፍ ደግሞ፣ ድሉን ሳያዩ ስለ ተጣለው ዕቅድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ማድረግ ለወላጅ ልብ ከባድ እንደ ሆነ አላጣሁትም፤ አለማድረግ ግን ልጁን በየዙሩ እንደ አዲስ የሚጀምር ያደርገዋል።

ለሚቀጥለው ውድድር የተመዘገባችሁ ሁሉ፣ ከመሄዳችሁ አስቀድሞ አንድ ከረጢት ከቀዳዳው አፍ ላይ አስቀምጡና መቶ ጊዜ በአየር ወርውሩ፤ የገባውን ቆጥራችሁ በወረቀት ላይ ጻፉት። ቁጥሩ ከ33 በታች ከሆነ፣ መንገዱ በተዘጋባችሁና የመጨረሻው ከረጢት በእጃችሁ በሆነ ጊዜ፣ ማንም ምንም ቢላችሁ በዝግታ አስቀምጡ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ተጋጣሚያችሁ ከ21 አፋፍ ካልደረሰ በቀር፣ ወርውሩ። ከሦስት ስሕተት በኋላም ያንኑ አድርጉ፤ ወረቀቱንም ከከረጢቶቻችሁ ጋር ይዛችሁ ሂዱ።